ከብረት ዱቄት የተጋገረች ፒኞን

ወፍጮ ቤት የሠራ ሰው ዱቄት ለብሶ ከመውጣት ሌላ ታሪክ ያለው አይመስልም። እኔን የማኅበሩ ወፍጮ ዱቄት ብቻ አላለበሰኝም፤ ከአንዲት የመዳፍ ያህል ብረት ጋርም አጣልቶኛል። ብረቷ ፒኞን ትባላለች። ዙሪያዋን ጥርስ አላት። የሞተሩን ዙር ተቀብላ ለወፍጮው ድንጋይ የምታቀብለው እሷ ናት። እሷ ስትሰበር ሞተሩ ብቻውን ይጮኻል፣ ድንጋዩ ቁጭ ይላል፣ እህል ይዘው የተሰለፉት የመንደራችን የሆመቾ ሴቶች ደግሞ ዞር ብለው እኔን ያያሉ።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ወፍጮው ከወዳጅ አገር የመጣ ነው ተብሎ ለገበሬ ማኅበራችን ተሰጠ። እኔ ቀደም ብዬ ሆሳዕና አንድ ጋራዥ ውስጥ ብረት ሳቀብል ስለኖርኩ ወፍጮውን ማንቀሳቀስ ለእኔ ተሰጠ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ከወፍጮው ጋር የመጣውን መጽሐፍ አላነበብኩትም፤ ቋንቋውም የእኛ አልነበረም። ከመጽሐፉ ጋር አንድ የእንጨት ሣጥን ሙሉ መለዋወጫ ፒኞን መጣ። ሣጥን ሙሉ መለዋወጫ ሲሰጡህ ቶሎ ደስ አይበልህ። የሰጠህ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ።

አንዷ ፒኞን ክረምቱን ሙሉ ትሠራለች። ሌላዋ፣ ከዚያው ሣጥን የወጣች፣ መልኳም ክብደቷም ያው የሆነ፣ ጠዋት ተገጥማ ምሳ ሳይደርስ ጥርሷን ታራግፋለች። አንዲት እናት ከወለደቻቸው ልጆች አንዱ ሲያርስ አንዱ ሲተኛ እንደማየት ነው። ምክንያቱን አላገኘሁትም።

ያን ዓመት መስቀል ሲቃረብ የማኅበሩ ሊቀመንበር ከሆሳዕና ስብሰባ ተመለሰና በቀጥታ ወፍጮ ቤት መጣ። ከበቅሎው እንኳ አልወረደም።

«አውራጃው ምን አለ መሰለህ» አለኝ፤ «ቆሞ የሚውል ወፍጮ ገጠር ምን ያደርጋል፣ ወደ ከተማ ይምጣ አለ። በመስቀል ሳምንት ከቆመ መኪና ልከው ይጭኑታል።»

«እኔስ?»

«አንተን የሚጭን መኪና አልተመደበም።»

መስቀል እኛ አገር እንደ ሌላው በዓል አይደለም። ወንዱ በቡድን ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ለበሬ ያዋጣል። ሴቷ ዊጆ ገብታ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር በተራ ቅቤ እያዋጣች ታጠራቅማለች። ቅቤው ሲደርስ ዱቄት ይፈልጋል። ስለዚህ የአገሩ እህል ሁሉ በአንድ ሳምንት ወፍጮ ቤት ደጃፍ ይቆማል። ወፍጮው ከሄደ ያ ሁሉ እህል የሴቶቹ ክንድና የድንጋይ ሥራ ነው። ለባለቤቴ የሊቀመንበሩን ወሬ ስነግራት እጇን ከሥራዋ ሳታነሳ፣

«የእኔ ወፍጮ ድንጋይ አሁን የዶሮ ውኃ ማጠጫ ነው» አለችኝ። «ከዶሮ ላይ አልነጥቅም። አንተ ብረትህን አበጅ።»

ኢንጂነሩ የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። የአንጋጫ ሰው ነው፤ አባቱ በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። ልጁ ውጭ አገር ሄዶ የብረት ትምህርት ተምሮ፣ አዲስ አበባ ያስተምራል። ክረምቱን ወላጆቹ ዘንድ ሆኖ ስለ ብረት ስብራት ጥናት ይጽፋል። አንድ ሾፌር ነው የሆመቾን ወፍጮ የነገረው። ከጭነት መኪና ላይ ወርዶ ቦርሳውን እንዳንጠለጠለ፣

«ጋሼ፣ እዚህ ፒኞን ይሰበራል አሉኝ» አለ።

«ይሰበራል።»

«ብዙ?»

«ብዙ።»

ፊቱ በራ። ለቅሶ ቤት ገብቶ ጥርሱን የሚያሳይ ሰው ሆነብኝ። ብረት መጣል ስለማልወድ የተሰበሩትን ሁሉ ጆንያ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ጆንያውን ስሰጠው መሬት ላይ ዘርግፎ እንደ ባቄላ ይለቅም ጀመር።

«ጋሼ፣ ይህ ብረት ቀልጦ የተሠራ አይደለም» አለኝ። «የብረት ዱቄት ነው። ዱቄቱ በቅርጽ ውስጥ በኃይል ይጨመቃል፣ ከዚያ እሳት ይገባል። አይቀልጥም፤ ቅንጣቱ ከቅንጣቱ ይጣበቃል እንጂ።»

«ይጋገራል በለኛ።»

«ይጋገራል።»

«ሰውዬ፣ እኔ እንኳ ወፍጮ ቤት ነኝ፤ ዱቄትን ልታስተምረኝ ከአንጋጫ ድረስ መጣህ?»

ሳቀ። «ዱቄት ስለሚያውቁማ ነው የምነግርዎ። የተጋገረ ነገር ውስጥ ቀዳዳ አይጠፋም። ይህም ቀዳዳ አለው፣ በዓይን የማይታይ።»

አላመንኩም። ብረት ነው፤ የት ይቀደዳል? እሱ ግን አንዷን ስባሪ በናፍጣ አጠበ፣ እሳት ላይ አድርቆ አቀዘቀዘ፣ በላይዋ ዘይት ጠብ አደረገ። ቁጭ ብለን አየን። ዘይቱ ትንሽ ቆየ፣ ጠበበ፣ ከዚያ ጠፋ። ብረቷ ጠጣችው። እንደገና ከሰል ላይ ሲያስቀምጣት ዘይቱን እንደ ላብ መልሳ አወጣችው። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። እሷ አይታ፣ «ስንት ቅቤ ትጠጣ ይሆን» ብላ ሄደች።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ቀዳዳውን አምኛለሁ። የተጣላነው በሌላው ነው።

እሱ የሚለው እንዲህ ነው። ቀዳዳው ሁሉም ውስጥ አለ፣ ግን እኩል አይደለም። አንዷ ጥርስ ሥር ትልቅ ቀዳዳ ካለ፣ ወይም ሁለት ሦስቱ ተጠጋግተው ካደሩ፣ ስብራቱ ከዚያ ይጀምራል። የቀሩት ጥርሶች ምንም ያህል ቢበረቱ አያድኗትም፤ የፒኞኗ ልክ የደካማዋ ጥርስ ልክ ነው። ስለዚህ አንዷ ቶሎ ትሄዳለች፣ አንዷ ትቆያለች። ይህን ተቀበልኩ። «እሺ፣ የትኛዋ ናት የምትሰበረው?» አልኩት።

«እሱን አላውቅም» አለ።

«ታዲያ ምን ተማርክ?»

«ጋሼ የእድር ዳኛ ነዎት አሉኝ።»

«ነኝ።»

«በሚመጣው ዓመት ከእድሩ ማን እንደሚሞት ያውቃሉ?»

«አፍህን ተጉመጥመጥ።»

«ድንኳኑን ግን አስቀድማችሁ ትገዛላችሁ።»

«እንገዛለን። ሰው መሞቱ አይቀርማ።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የትኛዋ እንደምትሰበር አላውቅም፤ ከአሥር ስንት እንደሚሰበሩ ግን ልነግርዎ እችላለሁ።»

«እኔ ስንትን አልገጥምም» አልኩት። «የምገጥመው አንዷን ነው። አንዷን ካላወቅህልኝ ሂድና ለእድር ንገር።»

ደግሞ እኔም የራሴ ዘዴ ነበረኝ። ገበያ ላይ ማሰሮ የሚገዛ ሰው በጣቱ አንኳኩቶ ነው የሚገዛው። ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ያፍናል። እኔም ሣጥኑ ውስጥ የቀሩትን ፒኞኖች በክር እያንጠለጠልኩ በብሎን መፍቻ ቁልፍ መታ መታ አድርጌ፣ የሚዘፍኑትን ለብቻ፣ የሚያጉረመርሙትን ለብቻ አስቀምጬ ነበር። ከዘፋኞቹ አንዷ ድምፅዋ ልዩ ነው፤ ስትመታ ቆይታ ነው የምትተወው። እሷን በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት።

ኢንጂነሩ አልሳቀብኝም። «ትልቅ ስንጥቅ ካለ ድምፅ ይነግርዎታል» አለ። «ይህን ቀዳዳ ግን ድምፅ የሚያገኘው አይመስለኝም።»

«አንተ አይመስልህ፤ እኔ ጆሮ አለኝ።»

እሱ ወደ ስባሪው ጆንያ ተመለሰ። ፒኞን ስትሰበር አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ነው የምታጣው፤ የቀሩት አሉ። እነሱን አንድ በአንድ መስበር ጀመረ። ፒኞኗን ሞርሳ በሚባለው የብረት መቆንጠጫ ላይ ያስራል፣ በጥርሷ ላይ ረጅም ብረት ያስደግፋል፣ ከብረቱ ጫፍ ጆንያ ያንጠለጥላል፣ ጆንያው ውስጥ በእህል ሚዛኔ እየመዘነ ድንጋይ ይጨምራል። ቀጭ ስትል ክብደቱን ይይዝና የወለቀችውን ጥርስ ሳንቃ ላይ ያኖራታል፤ በትንሽ ክብደት የተሰበረችውን ወደ ግራ፣ በብዙ የተሰበረችውን ወደ ቀኝ።

እኔ መጀመሪያ ከሩቅ ነበር የማየው። ኋላ ድንጋይ አቀባይ ሆንኩ። እህል ሊያስፈጩ የመጡ ሰዎችም ቆመው ይገምቱ ጀመር። «ይቺ ትጸናለች።» «የለም፣ ፊቷ ጥሩ አይደለም።» ጥርሷ ቀጭ ስትል ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያጨበጭባል። ወፍጮ ቤቱ ሠርግ ቤት መሰለ።

ሳንቃው ሲሞላ ግን ሳቄን ተውኩ። ሰልፉ ራሱ ይናገራል። በስተግራ ጥቂቶች፣ ተራርቀው። መሐል ላይ ብዙዎች፣ ተጨናንቀው። በስተቀኝ ደግሞ ጥቂት ጎበዞች። ኢንጂነሩ በጠመኔ አንድ መስመር አሰመረ፣ ወደ ግራ ጠጋ አድርጎ።

«ወፍጮው ሲጨናነቅ ጥርስ ላይ የሚጭነው ይህን ያህል ነው» አለ። «ከመስመሩ በስተቀኝ ያሉት ምንም አይሆኑም። በስተግራ ያሉት እነዚህ ጥቂቶች ናቸው በዓል የሚያበላሹት። በሣጥኑ ውስጥም አሉ።»

«የእኔዋ ዘፋኝ ከጎበዞቹ ናት» አልኩ።

በማግሥቱ ገጠምኳት። የሊቀመንበሩ ቤት ገብስ ነበር ተራው። ድንጋዩ ተነሣ፣ ዱቄቱ ወረደ፣ እኔም እጄን አጣምሬ ኢንጂነሩን አየሁት። ገብሱ ሳይጋመስ ጠረቅ አለ። ሞተሩ ብቻውን መጮኽ ጀመረ።

ኢንጂነሩ ፒኞኗን አውጥቶ ስብራቷን በማጉያ መስተዋት አየ። «ጋሼ፣ ይምጡ ይዩ፣ እንዴት ያለ ቆንጆ ቀዳዳ መሰለዎት» አለኝ። በእጄ ትልቅ ቁልፍ ይዤ ነበር። ቀስ ብዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩት፤ ሰውዬው እንግዳ ነው።

ሣጥኑ ውስጥ አሥር ቀሩ። ኢንጂነሩ ያን ጊዜ ነው ቁም ነገሩን ያወጣው። «አሥሩንም አሁን እንጫናቸው» አለ። «ወፍጮው ከሚጭነው ጥቂት አልፈን። ደካማዋ እዚህ ሞርሳ ላይ ትሰበር። የተረፈችዋን ለመስቀል ይገጥማሉ።»

«አዲስ ዕቃ ሰብረህ ልታድነኝ ነው?»

«ደካማዋን ብቻ።»

«ጤነኛዋንስ አታቆስላትም?»

«ብዙ ከጫንን እናቆስላታለን። ልኩን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ አሮጌ ጥርስ የሰበርኩት።»

«አይሆንም» አልኩ። አይሆንም ካልኩ አይሆንም ነው፤ አገር ያውቀኛል። እሱም ከምባታ ነው፣ አይለቅም። ወፍጮ ቤት ጀምረን እቤቴ ድረስ እየተጨቃጨቅን ሄድን፤ እራት ቀርቦም አላቋረጥንም። ባለቤቴ ብዙ ሰምታ፣

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «የመስቀልን በሬ የሚያስረውን ገመድ ማን ነው የሚገዛው?»

«እኔ ነኛ።»

«ስትገዛ ምን ታደርጋለህ?»

ምን እንደማደርግ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኛ ገበያ የቃጫ ገመድ እንዲሁ አይገዛም። ገዢው አንዱን ጫፍ ይይዛል፣ ሻጩ ሌላውን፣ እግራቸውን ተክለው ይሳሳባሉ። ከተበጠሰ ሻጩ ይወስደዋል፣ ማንም አይቀየምም። ከጸና ተገዛ። በሬ ይዞ መንገድ ላይ የሚበጠስ ገመድ የገዛ ሰው በሬውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ እስኪሞት ይተረትበታል።

«ገመዱን በጆሮህ አታዳምጠው» አለች። «ትስበዋለህ። ብረቱንስ ምን አድርጎህ ነው የምታዳምጠው?»

ኢንጂነሩ ጎንበስ ብሎ ቆጮውን ይበላ ጀመር። እንዳይስቅ መሆኑ ገብቶኛል። እኔም ነገ እንጫን አልኩ፤ ግን ድንጋዩን የምመዝነው እኔ ነኝ ብዬ ነው።

ጠዋት ሞርሳውን ወደ ግቢ አወጣን። ወሬው አድሮ ስለነበር ሰዉ ሞልቷል። የመጀመሪያዋን ፒኞን ጥርስ በጥርስ እያዞርን ጫንናት፤ ሁሉም ጸኑ። ሰዉ እልል አለ። ሁለተኛዋም አለፈች። ሦስተኛዋ አራተኛ ጥርሷ ላይ ቀጭ አለች፤ በዚያው ቅጽበት ሊቀመንበሩ በር ላይ ብቅ አለ።

«ምን እየሠራችሁ ነው?»

«ፒኞን እየሳብን ነው» አልኩ።

«መንግሥት የላከውን አዲስ ዕቃ በአደባባይ ትሰብራለህ? ይህ ኢኮኖሚያዊ አሻጥር ነው።»

ይህ ቃል በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። እልልታው ቆመ። ኢንጂነሩ አሮጌ ጥርስ የተደረደረበትን ሳንቃ ተሸክሞ ፊቱ አቆመውና ለእኔ እንዳስረዳኝ አስረዳው። ሊቀመንበሩ ብልህ ሰው ነው፤ ሰማ።

«ከአሥሩ ስንት ይሰበራል ትላለህ?»

«ሁለት ወይም ሦስት። ቢበዛ አራት።»

«ከአራት ካለፈ ሁለታችሁንም ሆሳዕና ወስጄ አስረክባለሁ» አለና ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

እንግዲህ ድንጋይ መዛኙ እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ድንጋይ ሁለት ጊዜ መዘንኩ። አራተኛዋ አለፈች። አምስተኛዋ ተሰበረች፤ ስድስተኛዋም ወዲያው ተከተለቻት። ሦስት ሆኑ። ኢንጂነሩ ላብ በላብ ሆነ፣ ግን ስባሪዎቹን ኪሱ ከመክተት አልቦዘነም። ሰባተኛዋ፣ ስምንተኛዋ፣ ዘጠነኛዋ ጸኑ። ሊቀመንበሩ ከጆንያው ተነሥቶ መጣ፤ እሱም ከሰዉ ጋር አንገቱን አሰገገ። የመጨረሻዋ ላይ ጆንያው ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ብረቱ ሲጥ አለ። ያቺ ሲጥታ የሞርሳው ነበረች። ፒኞኗ ሁሉንም ጥርሷን ይዛ ወረደች።

«ሦስት» አለ ሊቀመንበሩ። ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ዞሮ፣ «የሚቀጥለውን ዓመት ዝናብም ታውቃለህ?» አለው።

«የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። እሱን ለመስበር ሞርሳ የለኝም።»

የመስቀል ሳምንት ገባ። ከሀቢቾ በኩል ሳይቀር አህያ እየነዱ መጡ፤ የእነሱ ወፍጮ ናፍጣ ጨርሶ ነበር። በቆሎ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ለበዓል የደረቀ ቡላ። ሰልፉ ከደጃፌ እስከ ዋናው መንገድ። ካለፉት ሰባት አንዷን ገጠምኩ። ጠዋት ሞተሩን ሳስነሣ ጆሮዬ ሌላ ነገር አይሰማም፤ ያን ጠረቅ የሚለውን እጠብቃለሁ። አልመጣም። ማታ አጥፍቼ ስዳስሳት ሞቃለች፣ ዘይቷን እንደ ላብ አውጥታለች፣ ጥርሷ ሙሉ ነው። በማግሥቱም እንዲሁ። ሴቶቹ ተራ ሲጠብቁ መዝፈን ጀመሩ፤ ዘፈናቸው ውስጥ እኔም አለሁበት፣ የገባሁት በደህና ቃል ባይሆንም። «ብረት የሚያዳምጥ» አሉኝ። ባለቤቴ ከፊት ሆና ታቀነቅናለች።

በዋዜማው ከቀትር በኋላ ሞተሩ ቀጥ አለ። ወፍጮ ቤቱ ዝም ሲል ሆመቾ ሁሉ ሰማ። ሊቀመንበሩ በሬ ከሚያርዱት የቡድኑ ሰዎች መሐል ተነሥቶ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ እየሮጠ መጣ። ከኋላው ሰው ተከትሎታል። ኢንጂነሩም ከነማጉያ መስተዋቱ ደረሰ። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አራግፋለሁ።

«ተሰበረች?» አለ ሊቀመንበሩ።

«የለም።»

«ናፍጣ አለቀ?»

«አለ።»

«ታዲያ ምን ሆነ? ለምን ቆመ?»

«እህል አለቀ» አልኩት። «የሚፈጭ የለም።»

ዘወር ብሎ መንገዱን አየ። አንድ አህያ የለም፣ አንድ ጆንያ የለም። ገባና የወፍጮውን አፍ በእጁ ዳሰሰ፣ ባዶ ነው። ከዚያ ግድግዳው ሥር እንደ ልጅ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ልብሱ ሁሉ ዱቄት ሆነ።

«መኪናው አይመጣም» አለ ሲያባራለት። «እኔ ራሴ ሆሳዕና ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ወፍጮው እህል አሳጣን እላለሁ።»

«አሁን ግን እጅህን ታጠብ» አለችው ባለቤቴ ከበሩ ላይ። «በሬው ግማሽ ላይ ቆሟል፣ ቡድንህ እየሰደበህ ነው።» ከዚያ ወደ እኔና ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። «እናንተም ተነሡ። ቅቤው ቀልጧል።»

በሩን ቆለፍኩና ሦስታችንም ተከተልናት።